የጎማዋ ክዳን

እኔ ቆልፌ የማላምን ሰው ነኝ። በሬን ዘግቼ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ ፌርማታ ድረስ ሄጄ፣ አውቶቡሱ መጥቶ አንድ እግሬን ካነሳሁ በኋላ «ግን ቆልፌዋለሁ?» ብዬ የምመለስ ሰው ነኝ። ተመልሼም ቁልፉን ነካ አድርጌ ብቻ አልተውም። ከፍቼ፣ ገፋ አድርጌ፣ እንደገና እቆልፈዋለሁ። በመዝገብ ቤት ሥራዬ ይኸው ጠባይ አስመስግኖኛል፤ አለቃዬ «ጥንቁቅ» ይሉኛል። የቤት አከራዬ እትዬ ጥሩነሽ ግን «ልክፍት ነው» ይላሉ። በነገራችን ላይ የበሬን ትርፍ ቁልፍ የሰጠሁት ለእሳቸው ነው፤ ሥራ ስውል መቆለፉን እንዲያረጋግጡልኝ።

ይህን የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የዚህ ነገር ሥሩ እኔ ነኝ፤ ውሃውም ቆይቶ ይመጣል።

ዘመኑ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ያሉበት ነው። ኮልፌም ያኔ ከከተማው ይልቅ ለጭቃና ለባሕር ዛፍ ትቀርብ ነበር። ባሕር ሲባል የምናውቀውም ዛፉን ብቻ ነው። ታዲያ በዚህ ሰፈር የባሕር ጠላቂ ወንድም ያላትን ልጅ መውደድ የእኔ ዕጣ ሆነ።

አስካለ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ቤታቸው ከእኛ ግቢ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ነው። ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ቤቴ ስሮጥ ስንት ጊዜ አይታኛለች! አንድ ጠዋት «ዛሬስ ተቆልፏል?» አለችኝና ሳቀች። በዚያች ሳቅ ተያዝኩ። ስድስት ወር ሙሉ ፌርማታ ላይ አብረን ቆመን፣ ሦስት አውቶቡስ አሳልፈን አራተኛው ላይ እየተሳፈርን ከረምን። በመጨረሻ «በል እንግዲህ ሽማግሌ ላክ» አለችኝ። አባቷ በሕይወት ስለሌሉ ሽማግሌ የሚላከው ወደ ታላቅ ወንድሟ፣ ወደ ጋሽ ደግፌ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እናንተ ዘንድ ግን አይሰማኝምና «እሱ» እያልኩ ልለፍ።

ጋሽ ደግፌ ምጽዋ ወደብ ላይ ከመርከብ ሥር እየገባ የሚጠግን ጠላቂ ነው። በዚያ ዓመት ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ፈቃድ ወስዶ መጣ። እናቱንና አስካለን ይዞ ለመስቀል ጉራጌ አገር ሊወርድ ነው። በሄደበት ዋዜማ ወደ ክፍሌ መጥቶ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ፣ ከነጭ ጨርቅ ውስጥ አንድ ነገር አወጣ። ጭንቅላቷ ነሐስ ነው፤ ከጭንቅላቷ ጥቁር ቱቦ ይወጣል፤ የቱቦው ጫፍ ላይ በጥርስ የሚነከስ ጎማ አለ።

«ሬጎላቶሬ ትባላለች» አለኝ። «ጭንቅላቷን ጀርባችን ላይ በምናዝለው ብረት፣ በአየሩ ቦምቦላ ላይ እናስራታለን። አየሩ በዚህች የጭንቅላቷ አፍ ይገባል፣ በቱቦው ዞሮ ወደኔ ይመጣል። ሃያ ሜትር ስወርድ በእኔና በእግዜር መሐል ያለችው ይህች ብቻ ናት። አፏ ውስጥ ውሃ ከገባ ትዝጋለች። አሸዋ ከገባ ትታነቃለች። እሷ ስትታነቅ እኔም እታነቃለሁ።»

አፏ ላይ የጎማ ክዳን ተደፍታ በብሎን ጠብቃለች። በጣቱ መታ መታ አደረጋት።

«የአገር ቤት መንገድ አቧራና ጭቃ ነው፣ ይዣት አልሄድም። አንተ ጋ ትቆይ። ክዳኗን አትንካ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም፤ ክዳኗን አትንካ።»

«ኧረ ጋሽ ደግፌ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማያት!»

«ስማ፤ እህቴ የነገረችኝ ነገር አለ» አለና ትንሽ አጨነቀኝ። «ከመስቀል በኋላ ስመለስ ሽማግሌ እቀበላለሁ። ይህችን የጠበቀ ሰው እህቴንም ይጠብቃል ብዬ ነው የማስበው። አደራ!»

«አደራውን ተቀብያለሁ።»

«አደራ ነው ያልኩህ!» አለና ሄደ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። እኔም ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

የክፍሌ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮው ደግሞ ከሚከለክለው ዝናብ የሚያስገባው ይበልጣል። መደርደሪያ ላይ ሳስቀምጣት ጠብ አለባት። አልጋ ሥር እንዳላደርጋት ወለሉ አፈር ነው። በመጨረሻ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ከማገር ላይ ሰቀልኩና እሷን ከጃንጥላው እጀታ ላይ አሰርኳት። እኔ ጃንጥላ አጥቼ እየበሰበስኩ ሥራ እሄዳለሁ፤ እሷ ቤት ውስጥ ጃንጥላ ይዛ ትውላለች።

ጎረቤታችን ሐጂ ኑሪ ማዞሪያው አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ የሰፈሩ አስታራቂ ናቸው። እንዲህ ስበሰብስ አይተው ጠሩኝ። ነገርኳቸው።

«ባሕር ውስጥ የምትገባ ዕቃ ናት አልክ?»

«አዎ ሐጂ።»

«ውሃ ደግሞ አይንካት?»

«ጠብታ አይንካት!»

ሐጂ ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ። «ዓሣ ገዝተህ ብርድ ልብስ እንዳታለብሰው ብቻ» አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሐጂ ትክክል ነበሩ። ክዳኗ እስካለች ድረስ ባኞ ውስጥ ቢነክሯት እንኳ ምንም አትሆንም። ጠላቂዎቹ ራሳቸው ክዳኗን ከድነው ነው በንጹሕ ውሃ የሚያጥቧት። ደግፌ ይህን አልነገረኝም። እንዳልነካት እንጂ እንዳውቃት አልጠየቀኝማ። ለማንኛውም ሰባት ቀን ሙሉ ክዳኗን አልነካሁም። ጠዋትና ማታ ከሥሯ ቆሜ አንጋጥጬ አያታለሁ እንጂ እጄን አላነሳሁም። በሕይወቴ እንደዚያ ጀግኜ አላውቅም።

ጳጉሜ ሦስት ደረሰ። የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ከጣለ ጠበል ነው፤ ትልቁም ትንሹም እየወጣ ይጠመቃል። እኔ መሥሪያ ቤት ሆኜ መስኮቱን ሲቀጠቅጠው «ጃንጥላዋ ሥር ናት» ብዬ ተጽናናሁ። ቤት ስደርስ ግን ግቢው መሐል በርጩማ ተቀምጧል፤ በርጩማው ላይ ሬጎላቶሬዋ ተቀምጣለች፤ ከአጠገቧ እትዬ ጥሩነሽ በስብሰው፣ ፊታቸው በደስታ ፈክቶ ቆመዋል። በትርፉ ቁልፍ ከፍተው ነው ያወጧት።

«እንኳን አደረሰህ ልጄ!» አሉኝ። «ያ ምስኪን ልጅ ባሕር የሚገባባት ዕቃ ሳትጠመቅ ዓመቱ ሊገባ ነበር እኮ። አሁን መልአኩ ይጠብቀዋል።»

«እትዬ ጥሩነሽ! ውሃ እንዳይነካት ብዬ አልነበር?»

«ውሃ?» አሉ፤ ፈገግታቸው ጠፋ። «የሩፋኤልን ጠበል ነው ውሃ የምትለው? በል አማትብ!»

አማተብኩ። ከዚያም ሬጎላቶሬዋን አቅፌ ገባሁ። ክዳኗ እንደተጠበቀች ናት። ብልህ ሰው ቢሆን ውጭዋን በጨርቅ ጠርጎ ይሰቅላት ነበር። እኔ ግን «ውሃ ገብቶባት ይሆን?» አልኩ። ይህን ለማወቅ ደግሞ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ብሎኗን ፈታሁና ክዳኗን አነሳሁ።

ውስጧ ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ የለም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ይህን ባላወራሁ፣ እናንተም በሰላም በተቀመጣችሁ። ነገር ግን ቆልፎ የማያምን ሰው አይቶም አያምንም። «ላይዋ ቢደርቅ ውስጥ ውስጡንስ?» አልኩ። እትዬ ጥሩነሽም መቆጣታቸው ጸጽቷቸው ይሁን፣ በሩ ላይ መጥተው ምክር ሰጡኝ።

«እርጥበት ከፈራህ ጤፍ ውስጥ ቅበራት። ጤፍ እርጥበት ይመጥጣል። እንቁላሌን የማቆየው የት ይመስልሃል?»

እውነትም እንቁላላቸው ተበላሽቶ አያውቅም። አፏ ተከድኖ እርጥበቱ በየት ይወጣል ብዬም ክዳኗን ሳልመልስ፣ አፏን ከፍቼ፣ በእትዬ ጥሩነሽ የጤፍ ጆንያ ውስጥ እስከ ክንዴ ገብቼ ቀበርኳት። ክዳኗ እንዳትጠፋ ደግሞ አጠገቧ ቀበርኩ። በዓለም ላይ ካለ እህል ሁሉ ትንሹ ጤፍ ነው። አሸዋ እንዳይገባባት አደራ የተባለችን አፍ ከፍቼ ጤፍ ያጎረስኩ ሰው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን በሥራዬ ተደስቼ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጆንያው ቦታው ላይ የለም።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ ጤፉስ?»

«ለእንቁጣጣሽ ነዋ፤ ኩሊ አሸክሜ ወፍጮ ቤት…» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ውይ በሞትኩት! ረሳኋት!»

ሮጥኩ። የኮልፌ ጭቃ ግራ ጫማዬን ያዘና አልለቅም አለ፤ ትቼለት በአንድ ጫማ ሮጥኩ። ወፍጮ ቤት ስደርስ የበዓል ወረፋ በሩን አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል። በሴቶቹ መሐል ተሹለክልኬ ስገባ ወፍጮ ፈጪው የእኛን ጆንያ አንስቶ ወደ ወፍጮው አፍ ማፍሰስ ጀምሯል። ሞተሩ ያጓራል፤ ማን ይስማኝ! ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ።

«አቁም! አቁም! ሰው አለበት!»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሴቶቹ ኡኡታውን አቀለጡት። ሞተሩ ቆመ። ፈጪው እስከ ሽፋሽፍቱ ዱቄት ለብሶ ወደኔ ዞረ።

«የታለ ሰውዬው?»

«ሰውዬው ጉራጌ አገር ነው» አልኩ እያለከለክሁ። «እዚህ ያለው መተንፈሻው ነው።»

ፈጪው በቀስታ አንድ እርምጃ ሸሸኝ። እኔም ለማስረዳት ጊዜ የለኝምና ጆንያው ውስጥ ክንዴን ሰድጄ ፈለግሁ። ጥቁሩ ቱቦ እጄ ገባ፤ ሳብ ሳደርገው እየተጠማዘዘ ወጣ። ከፊት የነበሩት ሴትዮ «እባብ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ወረፋ የሚባል ነገር አልነበረም። አንዷ የሌላዋን እንቅብ፣ ሌላዋ የአንዷን ጆንያ እየረገጠች ወጡ፤ ዱቄቱም እንደ ጉም ተነስቶ ቤቱን ሞላው። በዚያ ዱቄት መሐል አፏን የከፈተችውን ሬጎላቶሬ አቅፌ ቆምኩ። በአዲስ አበባ ውስጥ ከወፍጮ ቤት የባሰ አቧራማ ቦታ ካለ ንገሩኝ።

ክዳኗ ግን ቀድማ ከጤፉ ጋር ፈስሳ ኖሯል። ፈጪው ድንጋዩን አንስቶ የተቆራረጠ ጎማ በመዳፉ ሰጠኝ። ሴቶቹ ነገሩ ሲገባቸው እንዴት እንደ ሰደቡኝ አልደግመውም። ካሣ አድርገው የሁሉንም ጆንያ ወረፋው እስኪያልቅ አሸከሙኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሰፈሩን ሁሉ ነበር።

ቤት ገብቼ አፏን በብርሃን አየሁት። ዱቄት ለብሷል፤ ከሥር የጤፍ ፍሬዎች ይታያሉ። በመርፌ ሞከርኩ፣ ፍሬዎቹ ወደ ውስጥ ሸሹ። እፍ አልኩባት። ደጋግሜ፣ ጉንጬ እስኪደክም እፍ አልኩባት። ዱቄቱ ከዓይን ጠፋ፤ ወጣ እንበል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በሳምንቱ ጎሚስታው ዘንድ ሄጄ ከአሮጌ የመኪና ጎማ፣ በተቆራረጠችው ልክ፣ አዲስ ክዳን አስቆረጥኩ። ከፈረንጁ ክዳን የተሻለች ሆና ወጣች። ከድኜ ብሎኑን አጠበቅሁ። ያየ ሁሉ እጅም አልነካት ይላል። ልቤ ግን ያውቀዋል። መስቀል መጥቶ ሰው ችቦ ሲያበራ እኔ የማስበው ስለ አንዲት የጤፍ ፍሬ ነበር።

ጋሽ ደግፌ እናቱንና አስካለን ይዞ ቅዳሜ ተመለሰ። ሬጎላቶሬዋን ተቀብሎ አገላብጦ አያት።

«ክዳኗ ጠቆረችሳ?»

«የኮልፌ ጭስ ነው» አልኩ።

እነሆ ዋሸሁ። እሱ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሳቀ። «ጎበዝ! ሰው አደራ ሲጠብቅ ደስ ይለኛል። በል ነገ ሽማግሌዎችህን ላክ። ሰኞ ወደ ምጽዋ እነሳለሁ፤ ሐሙስ ባሕር እገባለሁ።»

እሑድ ጠዋት ሐጂ ኑሪና የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ሰንበት ነጭ በነጭ ለብሰው ወደ እነ አስካለ ቤት ሄዱ። ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ወሬ ይጠብቃል እንጂ እግሩን እዚያ አያነሳም፤ ነውር ነው። እኔም ተቀመጥኩ። «እሺ ይላል፤ አስካለን ይሰጠኛል» አልኩ በልቤ። ቀጥሎ ደግሞ «ሐሙስ ባሕር ይገባል» አልኩ። እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ አልቀመጥ አሉኝ። ብናገር አስካለን አጣለሁ። ዝም ብል ወንድሟን እገድላለሁ። ከዚያ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም፤ የማውቀው እነ አስካለ ሳሎን መሐል ራሴን ሳገኘው ነው።

ሽማግሌዎቹ ገና ተቀመጡ መባላቸው ነው። ጋሽ ደግፌ ሬጎላቶሬዋን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ «ይህንን ልጅ በአደራ ፈትኜዋለሁ…» እያለ ነበር።

«ጤፍ ገብቶባታል!» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። ሐጂ ኑሪ «ወላሂ፣ በራሱ ሽምግልና ላይ የመጣ ሙሽራ ገና ዛሬ አየሁ» አሉ።

አልቆምኩም። ጠበሉንም፣ ጆንያውንም፣ ወፍጮውንም፣ ጎሚስታውንም፣ ጭሱንም፣ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ጋሽ ደግፌ ከሻንጣው መፍቻ አምጥቶ የነሐሷን ጭንቅላት ፈታታት። አፏ ውስጥ ጣት የማትሞላ ወንፊት አለች፤ ቆሻሻ የምታጣራ። መሐረብ ላይ ገልብጦ መታ መታ ሲያደርጋት ሦስት የጤፍ ፍሬ ወደቀ። ወንፊቷ ራሷ ግን ነጭ ቅርፊት ለብሳ ተደፍናለች። በጥፍሩ ፋቀው።

«እፍ ብለህባታል?» አለኝ።

«ብዙ።»

«ትንፋሽህ ዱቄቱን አብኩቶታል። ሊጥ ሆኖ ደርቋል።» ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ላይዋ ንጹሕ ስለሆነ አልፈታትም ነበር። ሐሙስ በዚህች ነበር የምወርደው።»

ወግ ላይ መናገር ደስ አይልም እንጂ፣ እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። አባ ወልደ ሰንበት «እንግዲህ ተናዟል…» ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። ሐጂ ኑሪም ጫማቸውን ፈለግ ፈለግ አደረጉ። አለቀልኝ አልኩ።

ይህን ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ የአስካለ ድምፅ መጣ።

«ስትመጣ ቤትህን ቆልፈኸዋል?»

አሰብኩ። ኪሴን ዳሰስኩ። ቁልፉ የለም። ጃንጥላው ላይ ተንጠልጥሎ ነው የቀረው፤ በሬም ወለል ብሎ ተከፍቶ ነው የቀረው።

«አልቆለፍኩም» አልኩ።

«ጋሼ» አለች አስካለ፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። «ይህ ሰው ላንተ ብሎ ቤቱን ሳይቆልፍ መጥቷል።»

ጋሽ ደግፌ ቀና ብሎ አየኝ። በግራ እግሬ ያደረግሁት የእትዬ ጥሩነሽን ነጠላ ጫማ መሆኑን ያኔ ነው ያየሁት፤ ስወጣ በሩ ላይ ያገኘሁትን አጥልቄ ኖሯል። በመጀመሪያ አፍንጫውን ያዘ፤ ቀጥሎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ በመጨረሻ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሐጂ ኑሪ ነገሩ ሳይበርድ ፈጠን ብለው «እንግዲህ ልጃችን ይኸው ነው፤ ሞኝ ነው፣ ግን ሞኝነቱን አይደብቅም» አሉ። «እሺ በሉንና እንመርቅ።» እሺ ተባለ።

ሰርጉ ጥር ላይ ሆነ። ጋሽ ደግፌ ሬጎላቶሬዋን ምጽዋ አሳጥቦ፣ ወንፊቷን አስለውጦ፣ ደህና ሆናለታለች። ያቺን የኮልፌ ጎማ ግን አልጣላትም። ለፋሲካ ደብዳቤ ጻፈልን፤ አስካለ ናት ያነበበችልኝ፣ ፖስታውን ለመክፈትም አላመነችኝም።

«ክዳንህ ግሩም ናት» ይላል ደብዳቤው። «ስንት ጊዜ ባሕር ገብቼ ወጥቼ፣ ከድኜ አጥቤያታለሁ፤ እስከ ዛሬ አንድ ጠብታ አላስገባችም። አንተ አጠገቧ ስለሌለህ ይመስለኛል።»